የኤርሳዶ ቡልኮ

ኤርሳዶ ወንድሙን የቢላቴ ወንዝ ሲወስደው ዳር ቆሞ አይቷል ብሎ የሚምለውን ሰው ቁጠር ብትባል ይደክምሃል፤ ከቢጠና ቁልቁል ባለችው በዚያች መንደር የማይምለውን መቁጠር ይቀላል። የማይምሉት ሦስት ናቸው። አንደኛው ራሱ ኤርሳዶ ነው። ሁለተኛዋ ልጁ ሚርያም ናት፤ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበረች ማንም አይጠይቃትም። ሦስተኛዋ ሽታዬ ናት። ሽታዬ የማትምለው ደግሞ ነገሩን ከገዛ አፏ ያወጣችው እሷ ስለሆነች ነው።

አዎ፣ የፈጠረችው እሷው ናት። በክፋት አይደለም፤ ሥራዋ ነበር። በጉብዝናዋ ዘመን ከቢጠና እስከ ሶዶ መዳረሻ እሷን የሚያህል ሙሾ አውራጅ አልነበረም። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚላከው ወደ እሷ ነው፤ መቃብር ቆፋሪ እንኳ የሚፈለገው ከእሷ በኋላ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከልቅሶው ሜዳ መሐል ስትቆም ዓይኑ ደርቆ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው አይኖርም። ይህን የምትለው እሷ ብቻ አይደለችም፤ ዛሬ የሚያሟትም ይመሰክሩላታል።

የሙሾ ሥራ ደንብ አለው። ሟች ይወደሳል፣ ቋሚ ይወቀሳል። ሚስትየዋ ሰባት ሌሊት ዓይኗን ሳትከድን አስታማ «ባልሽ ሲያጣጥር ቅቤ ተቀብተሽ ተኝተሻል» ትባላለች። ወንድምየው ከአልጋው እግር ሥር ሳይነቃነቅ ከርሞ «ሲጠራህ ገበያ ወርደህ ነበር» ይባላል። የተወቀሰው ደረቱን ይደቃል፣ ሰው ሁሉ ያነባል፣ ልቅሶው ያምራል። ማንም አይቀየምም። እንዲያውም የሚቀየመው ሳይወቀስ የቀረው ዘመድ ነው፤ ለሟቹ ሩቅ ነህ እንደ መባል ይቆጥረዋልና። ይህን ያኔ ሕፃን ሳይቀር ያውቀው ነበር።

በ1943 ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ላይ ቢላቴ ሞልቶ አንጁሎን ወሰደው። አንጁሎ ከብቶቹን ሊመልስ ብቻውን ነበር የወረደው። ከብቶቹ ማዶ ተገኙ፤ እሱ በሦስተኛው ቀን ከታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ፣ ሾላ ሥር ተጠልፎ ተገኘ። ሲወሰድ ያየው የለም፤ ዳር ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ ኤርሳዶ ያን ሳምንት ሙሉ ሶዶ ነበር፤ ያውም ለገዛ ጉዳዩ ሳይሆን ለአንጁሎ የመሬት ክርክር። አንጁሎ አማርኛ አይሰማም፤ ኤርሳዶ ግን ከተማ ሸክም ሲሠራ ጥቂት ለምዶ ስለነበር ስለ ወንድሙ ፍርድ ቤት የሚቆመው እሱ ነበር። ከቀጠሮው ሲመለስ ቀኑን ሙሉ በዝናብ ተጉዞ በቀጥታ ልቅሶው ላይ ደረሰ።

ሽታዬ መርዶውን የሰማችው ቢጠና ገበያ ቅቤ ስትሸጥ ነው። ቅቤዋን ለጎረቤት አደራ ብላ ስትሮጥ ሙሾዋን መንገድ ላይ ታበጅ ነበር። ሟቹን ማወደስ አላስቸገራትም። የሚወቀስ ሰው ግን ያስፈልጋታል፤ ከወንድም የሚቀርብ ደግሞ የለም። እዚያው ጭቃው ላይ፣ አንድ እግሯ ተይዞባት ስትታገል፣ እንዲህ የሚለው መጣላት፤

ቢላቴ አንጁሎን ሲወስድ
ኤርሳዶ ዳር ቆሞ ነበር፤
ቡልኮው እንኳ አልረጠበም።

በወላይትኛ ሲዜም ከዚህ ይልቅ አንጀት ይበላል። በእውነቱ በኤርሳዶ ትከሻ ላይ ቡልኮ አልነበረም፤ የለበሰው አሮጌ ቡትቶ ነበር። ግን የደረቀ ነገር ያስፈልጋታል፣ ቡትቶ ደግሞ ለዜማ አይመችም። ስለዚህ ቡልኮ አለበሰችው፤ በሌላው ስንኝ ቀይ ጥለትም ጨመረችበት። ኤርሳዶ ሙሾውን ሲሰማ ከሶዶ ይዞት የመጣው ዝናብ ከላዩ እየተንጠፈጠፈ ደረቱን እየደቃ መሬት ላይ ተንከባለለ። ልቅሶው ሲበተን አንድ ቅል ማር ይዞላት መጣ። «ስሜን ስላነሳሽ» አላት።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን በሁለተኛው ዓመት ሽታዬ ወንጌል ተቀበለች። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ቦልቴ ወደ ወንዝ ወስዶ ሲያጠምቃት «እኛ ተስፋ እንደሌላቸው አናለቅስም» ብሎ ሙሾ እንዳታወርድ ቃል አስገባት። ቃሏን ጠበቀች። መንደሩም አንድ በአንድ ጸሎት ቤት ገባና ሙሾ ቀረ፤ የሞተ ሰው በመዝሙር ይቀበር ጀመር። ወደ አሥር ዓመት በዚያ አገር ሙሾ አልተሰማም። ዜማው ሲረሳ ሰዎቹ የዘፈን ቃል መሆኑንም ረሱት። ዘፈኑ ጠፍቶ ሥዕሉ ብቻ በየልባቸው ቀረ፤ እነሱም በዓይናችን ያየነው ነው አሉ።

በ1955 መስከረም ሽታዬ ጓሮዋ ተቀምጣ እንሰት በቀርከሃ ስትፍቅ ኤርሳዶ ምርኩዙን ይዞ መጣ። ሆዱ አብጧል፣ ፊቱ ገርጥቷል። ሳይጋበዝ ግንዱ ላይ ተቀመጠ።

«ልሞት ነው ሽታዬ» አለ።

«ሁላችንም እንሞታለን።»

«እኔ ግን ቀባሪ የለኝም። ጎረምሶቹ ‹ቡልኮው እንዳይረጥብ ብሎ ወንድሙን ላስበላ ሰው ጉድጓድ አንቆፍርም› ብለዋል። ሚርያም በጆሮዋ ሰምታ እያለቀሰች መጣች።» ከጉያው አንዲት ቀርከሃ አወጣ፤ ውስጧ የተጠቀለለ ወረቀት ነበር። «ይኸውልሽ፣ የዚያን ቀን ፍርድ ቤት መቆሜን የሚል፣ ማኅተም ያለበት። ለቦልቴ አሳየሁት። ‹ወረቀት ይሳሳታል› አለኝ።»

ሽታዬ እንሰት መፋቂያዋን አስቀመጠች። ኤርሳዶ እንደሚታማ ታውቅ ነበር፤ ነገር ግን የወሬኞች ጨዋታ ነው፣ ይሰለቻቸዋል ብላ ነበር። ጉድጓድ እስከ መከልከል ይደርሳል ብላ አላሰበችም። በዚያ አገር ሰው ድሃ ሆኖ ይኖራል፣ ተጣልቶም ይኖራል፤ ሲሞት ግን አገር ይወጣለታል። ያልተወጣለት ሰው ልጅ በገበያ አንገቷን ደፍታ ነው የምትኖረው።

«የማደርገውን ንገረኝ» አለችው።

«አንቺ ነሽ ዳር ያቆምሽኝ፤ አንቺው አንሺኝ።»

እሑድ ዕለት በጸሎት ቤቱ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ሽታዬ ተነሣች። ሰው ተአምር ልትናገር መስሎት ዞሮ አያት።

«ኤርሳዶ ዳር ላይ አልነበረም» አለች። «ሶዶ ነበር። ዳር ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ በሙሾ። ውሸት ነው፤ ከአፌ ያወጣሁት ነው። በእግዚአብሔር ፊት ይቅር በሉኝ፤ እሱንም ተዉት።»

ቦልቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደሚወዳት እህት አያት። ያ አስተያየቱ ነው መጀመሪያ ደሟን ያፈላው።

«እህት ሽታዬ» አለ፣ «ስለ ድሮው ኃጢአትሽ መጸጸትሽ መልካም ነው። ሙሾው ኃጢአት ነበር። ነገሩ ግን እውነት ነው።»

«ነገሩን ነው የፈጠርኩት እያልኩህ ነው፣ ወንድም ቦልቴ።»

«ዕድሜ ሲገፋ እንዲህ ያደርጋል» አለ ቦልቴ ወደ ጉባኤው ዞሮ፤ ጥቂቶቹም በአዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከወንዶቹ ወንበር ቦሼ ተነሣ። ቦሼ የሰው ከብት እርሻው ውስጥ ቢያገኝ አብልቶ የሚመልስ፣ በገበያ ለሕፃን እንኳ የማይዋሽ ሰው ነው። ሽታዬን ያበገናትም ይኸው ነው። ቀጣፊ ቢሆን ኖሮ ተፍታበት ትቀመጥ ነበር።

«ገመዱን የወረወርኩት እኔ ነኝ» አለ ቦሼ። «አንጁሎ ሊይዘው እጁን ሲዘረጋ አይቼዋለሁ። ኤርሳዶን ‹ጫፉን ያዝልኝ› ብለው ቡልኮውን ሰብስቦ ወደ ኋላ አለ። ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«አንተ በሦስተኛው ቀን አስከሬኑን ነው ያገኘኸው፣ ቦሼ። ‹ሾላ ሥር አገኘሁት› ብለህ እየሮጥክ ገበያ መጥተህ ለሁላችን የነገርከን አንተ አይደለህም?»

«አስከሬኑንም አገኘሁ፣ ገመዱንም ወረወርኩ» አለ ቦሼ። መዳፉን ዘርግቶ አሳየ፤ እውነትም አንድ የገመድ ጠባሳ ነበረው። በገመድ ሲሠራ ለኖረ ገበሬ ደግሞ ጠባሳ ምኑ ይደንቃል?

ሽታዬ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ምን ለብሶ ነበር?»

«ቡልኮ» አሉ ከአራት ማዕዘን። «ቀይ ጥለት ያለው» አለች አንዷ፣ የዚያን ዓመት ገና ጡት የምትጠባ የነበረች።

አሁን ያዝኳቸው አለች ሽታዬ በልቧ። ከበሩ አጠገብ ሻንቆ ሸማኔው ተቀምጧል። የመንደሩን ቡልኮ ሁሉ፣ ኤርሳዶ ኋላ ያሠራውንም ጭምር፣ የሠራው እሱ ነው፤ የማንን መቼ እንደሠራም እንደ ልጆቹ ዕድሜ ያውቀዋል።

«ሻንቆ፣ ለኤርሳዶ ያን ቀይ ጥለት ያለውን ቡልኮ መቼ ነው የሠራህለት?»

ሻንቆ አገጩን አሻሸ። «የቡና ዋጋ የወጣ ዓመት ነው። አርባ ስድስት።»

«አንጁሎ መቼ ሞተ?»

«አርባ ሦስት።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሽታዬ የሆነ ነገር ሲላቀቅ የሰማች መሰላት። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ኤርሳዶ ከዚያ ወንዝ ዳር ሊነሣ ነበር።

ሻንቆ ግን ጥቂት አስቦ «እንግዲያው ዘመኑን ተሳስቻለሁ» አለ። «በአርባ ሦስት ለብሶት ካየነው ቀደም ብዬ ነው የሠራሁለት ማለት ነው።»

ሁሉም በእፎይታ ተነፈሱ። ቦልቴ መዝሙር አስጀመረ። ሽታዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ብቻዋን እያወራች ነበር። እኔ አበጀሁት እያለች! የእጇን ሥራ ነጥቀው፣ በየዓይናቸው ከትተው፣ ባለቤቲቱን አርጅተሻል አሏት። ለመዋሸቷ ይቅርታ ልትጠይቅ ብትሄድ መዋሸቷን ራሱን ካዱባት። አንድ ሰው ሲሳሳት ይመከራል፤ አገር በሙሉ ሲሳሳት ማን ይመክረዋል? ቆሽቷ አረረ።

በማግሥቱ እንሰቷን ይዛ ተቀመጠች። እየፋቀች ያን ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ ልታስታውሰው ሞከረች፤ ለእነዚያ ደንቆሮዎች በየሰዓቱ ከፋፍላ ልታስረዳቸው አስባ ነው። ገበያው ትዝ አላት፣ ቅቤውን አደራ የሰጠቻት ሴት ትዝ አለቻት፣ ጭቃው ትዝ አላት። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

ኤርሳዶ ዳር ላይ ቆሞ ነበር። ቡልኮውን በቀኝ ትከሻው ላይ አጥፎታል፤ ቀዩ ጥለት ወደ ፊት ወርዷል። ውሃው ደፍርሷል፤ የአንጁሎ እጅ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ ጠፋች። ኤርሳዶ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ።

የሽታዬ መፋቂያ ከእጇ ወደቀ። እሷ ወንዝ አልሄደችም! ያን ዕለት ቀርቶ ያን ክረምት ቢላቴን በዓይኗ አላየችውም። ታዲያ ይህ ከየት መጣ? ከአፏ ያወጣችው ነገር ዞሮ በዓይኗ ገባ ማለት ነው? ወይስ መንገድ ላይ ያበጀችው መስሏት እንጂ ያኔ አንድ ሰው በጆሮዋ ነግሯት ነበር? ቦሼ እየሮጠ ሲመጣ ከሾላው ሌላ የተናገረው ነገር ነበር? ነበር ብላ ስታስብ የቦሼ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታያት። አልነበረም ብላ ስታስብ ተዘጋ። ልቧ የፈለገችውን ሁሉ ያሳያታል። በንዴት የፋቀችውን እንሰት በእግሯ ገፋችው፤ የተናደደችው ግን በራሷ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኤርሳዶ ቤት ሄደች። ከአልጋው አልተነሣም። የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ የሻንቆን ስትነግረው ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። በመጨረሻ ልትደብቀው ያሰበችውን ነገረችው፤

«እኔም አየሁህ፣ ኤርሳዶ። የፈጠርኩት እኔ ሆኜ አየሁህ።»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ጣሪያውን እያየ «እኔም አየዋለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ራሴን። አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነቃ እዚያ ዳር ቆሜያለሁ። ቡልኮው ይከብደኛል። ወንድሜ ስሜን ይጠራኛል፣ እኔ አልንቀሳቀስም። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ስትባይ ምን ታደርጊ ነበር?» እጁን ወደ ትራሱ ልኮ ቀርከሃዋን ነካት። «ወረቀቷን ያስቀመጥኳት ለእነሱ አይደለም፣ ሽታዬ። ማንበብ አልችልም፤ ማኅተሟ ግን በጣት ይታወቃል። ዳሰስ ሳደርጋት ሶዶ እንደነበርኩ ይገባኛል። ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት አንድ ባሕር ዛፍ ነበረ፤ ሦስት ቀን እሱ ሥር ተቀምጬ የወንድሜ ስም እስኪጠራ ጠብቄያለሁ። ‹የአንጁሎ ወኪል› ሲሉ ዘልዬ ‹አቤት› አልኩ። በዚያች ሰዓት ወንድሜ ሞቶ ነበር፤ እኔ ግን ስለ እሱ አቤት እያልኩ ነበር። ይኼ አይዘፈንም?»

«ይዘፈናል» አለች ሽታዬ።

«እንግዲያው ስሞት ሶዶ አቁሚኝ። ሌላ አልፈልግም።»

«የገባሁት ቃል ይከለክለኛል፤ ቦልቴ ከማኅበር ያወጣኛል።»

«አውቃለሁ» አለ ኤርሳዶ። ሽታዬም ቃል ለመግባት እጁን መታችለት።

በኅዳር ሞተ። ጉድጓዱን የቆፈሩት የሚርያም ባልና ከሩቅ መንደር የመጣ አንድ ዘመዱ ብቻ ናቸው። ከመንደሩ ሰው መጣ፤ መጣ ግን ሊያለቅስ አይደለም። ከሜዳው ዳር ዳር፣ እጁን አጣምሮ፣ ማን እንደሚያለቅስለት ሊያይ ነው የመጣው። ቦልቴ ግዴታው ስለሆነ አጭር ጸሎት አደረገ። ሚርያም አስከሬኑ አጠገብ ብቻዋን ተንበርክካ ነበር፤ ትከሻዋን የሚይዝ ሴት አልነበረም።

ሽታዬ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። ቦልቴ ያየውን ማመን አቅቶት «እህት ሽታዬ» አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ መሐል ገባች። ድምፅዋ አሥር ዓመት ታጥፎ የተቀመጠ ቢሆንም ገና አልጠፋም ነበር።

ለኤርሳዶ የገባችውን ቃል ጠበቀች። ሶዶ አቆመችው። ባሕር ዛፉን አለች፣ ሦስቱን ቀን አለች፣ የወንድሙ ስም ሲጠራ አቤት ማለቱን አለች። ቆንጆ አድርጋ ነው ያበጀችው፤ ከሌላው ሙሾዋ ሁሉ ይልቅ የደከመችበት እሱ ነው። ግን አንድም ሴት አልተቀበለቻትም። ሰዎቹ ሶዶን አላዩትም፤ ፍርድ ቤት የቆመ ጥቂት ነው፣ ስለ ቀጠሮ የሚያለቅስ ደግሞ የለም። ቦሼ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ቡልኮውስ?» አለና ሌሎቹ ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑ። ዳር የቆሙት ጀርባቸውን አዙረው መሄድ ጀመሩ። ሚርያም ቀና ብላ ሽታዬን አየቻት፤ በዓይኗ ለመነቻት።

ሽታዬ ያኔ ተናደደች። እንዲህ ያለ ንዴት በዕድሜዋ አታውቅም። እውነቱን ሰጠቻቸው፣ እንደ ርካሽ ዕቃ አገላብጠው ጣሉት። ሰውየው ደግሞ ሊቀበር ነው፤ ነገ የለም። ጥርሷን ነከሰች፣ ከዚያ አፏን ከፈተች፤

ቢላቴ አንጁሎን ሲወስድ
ኤርሳዶ ቡልኮውን ጣለ፤
እስከ አንገቱ ገባ፣ እጁን ያዘው፣
ውሃው ነው ከእጁ የነጠቀው።
ቡልኮው ዳር ላይ ደረቀ፣
ኤርሳዶ ግን እስከ ዛሬ አልደረቀም።

ሴቶቹ ቆሙ። አንዷ ተቀበለች፣ ከዚያ ሌላዋ። የሄዱት ተመለሱ። መጀመሪያ ጮኾ ያለቀሰው ቦሼ ነበር፤ ያን የገመድ መዳፉን ግንባሩ ላይ እየመታ መሬት ላይ ወደቀ። ሻንቆ ቡልኮ እያለ አነባ። ሚርያምን አሥር ሴቶች አቀፏት። አፈሩን ጎረምሶቹ ተሻምተው መለሱት። አገር ወጣለት።

ሽታዬ ስድስት ወር ከማኅበር ታገደች። ሙሾ በማውረዷ ነው፤ ስለ ሙሾው ቃል እውነትነት ማንም አልጠየቃትም። ፋሲካ ሲደርስ ቦልቴ ስለ ፍቅር ሲሰብክ «ሩቅ አትሂዱ» አለ፤ «ወንድሙን ሊያድን ቢላቴ ውስጥ የገባ ሰው በመካከላችን ኖሯል።» ሽታዬ ይህን የሰማችው ከበሩ ውጭ፣ የታገዱ በሚቆሙበት ቦታ ሆና ነው። ቦሼ ተነሥቶ መሰከረ። ገመዱን ሲወረውር ጫፉን የያዘው ኤርሳዶ ነበር፤ መዳፉን ያቆሰለውም ሁለቱ ሲጎትቱ ነው። ሻንቆ ቡልኮውን ከዳር ያነሣው እሱ እንደሆነ ተናገረ፤ የእጁ ሥራ ስለሆነ በጥለቱ አውቆት። አንድም ሰው ኤርሳዶን አምቼው ነበር አላለም። ማንም አላማውም፤ ማንም አያስታውስም። ሽታዬ በሩ ላይ ቆማ ልትጮህ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ምን ብላ ትጮሃለች? እኔ ዋሸሁ ብላ? አንድ ጊዜ ብላው አልነበር?

በሰኔ ሚርያም መጣች። ከእንሰቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ቀርከሃዋን ከነጠላዋ ፈታ አወጣች።

«እማማ ሽታዬ፣ ይህን ከአባቴ ትራስ ሥር አገኘሁት። የድሮ ክርክር ወረቀት ነው መሰለኝ። ልጥለው ነበር፤ ምናልባት እርስዎ ያውቁት እንደሆን ብዬ ነው።»

ሽታዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለቻት። «አትጣይው፣ ልጄ። አባትሽ ያን ቀን የነበረበት ቦታ እዚህ ነው የተጻፈው።»

«እርስዎ ባለውለታችን ነዎት» አለች ሚርያም። «ሰው ባያምንም እኔ ሁልጊዜ አውቀው ነበር። ያን ቀን አባቴ ርሶ ሲገባ ትዝ ይለኛል። እናቴ ልብሱን እሳት ዳር ዘርግታ ስታደርቅ አጠገቧ ነበርኩ።»

«ርሶስ ነበር» አለች ሽታዬ ቀስ ብላ። «ከሶዶ በዝናብ ተጉዞ መጥቶ ነው።»

«ከወንዝ ነው እንጂ፣ እማማ። ፀጉሩ ውስጥ የወንዝ አሸዋ ነበር፤ እናቴ ስታራግፍለት አይቻለሁ።» ሚርያም በፍቅር ፈገግ አለችላት፤ ቦልቴ ያን እሑድ እንዳያት ዓይነት ፈገግታ ነበር። «ደግሞስ እርስዎ ራስዎ አይደሉም ያሉት?»

ሽታዬ ወረቀቱን አወጣች። ማንበብ አትችልም። በአውራ ጣቷ ከታች ጀምራ ዳሰሰች፤ ወረቀቱ ሻክሮ ከፍ ካለበት ቦታ ስትደርስ ጣቷን እዚያው አቆመች።

«ሶዶ ነበር» አለች ጮክ ብላ፣ ራሷ እንድትሰማው።

«ማን?» አለች ሚርያም።

ሽታዬ ቦታውን ልታይ ዓይኗን ጨፈነች። ሶዶን፣ በሩን፣ ባሕር ዛፉን ፈለገች። ሄዳበት አታውቅምና ምንም አልመጣላትም። የመጣው ቢላቴ ነው፤ ኤርሳዶም እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ነበር፣ ቡልኮውም ዳር ላይ ተጥሏል። ዓይኗን ገልጣ ጣቷን ማኅተሙ ላይ አጥብቃ ጫነች።

«አባትሽ» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ጥያቄ ወጣ።